ስለ መንጠቆና ስለ ማባበያው

ዓሣ ለማጥመድ የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረሳው የሚገባው ነገር የገዛ ራሱ አፍ የሚወደውን ነው። እርሱ ጥብስ ይወድ ይሆናል፤ ማርም ይወድ ይሆናል፤ ዓሣው ግን ለእርሱ ጥብስና ለእርሱ ማር ምንም ግድ የለውም። ስለዚህ በመንጠቆው ላይ የሚሰካው ምግብ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ማባበያ የምለው፣ በዓሣው ምርጫ እንጂ በአጥማጁ ምርጫ የሚደረግ አይደለም። ይኸ ለሚሰማው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሌላው ፍጥረት ምን እንደሚወድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚርበው፣ በዓይኑ ይሁን በሽታ እንደሚመራ ለማወቅ ብዙ ትዕግሥትና ብዙ መመልከት ያስፈልጋል። ጥሩ አጥማጅ ማለት የሌላውን ፍላጎት ከራሱ ፍላጎት አስበልጦ የሚያጠና ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ጥናት በሌላ ስፍራ ብናገኘው ፍቅር ብለን በጠራነው ነበር። በአጥማጁ እጅ ሲሆን ግን መጨረሻው መጥበሻ ነው።

እኔን ብዙ ጊዜ ያሳሰበኝ ይኸው ነገር ነው። የሰውን ፍላጎት ማወቅ ደግነት ነውን? ወይስ ተንኮል የሚጀምርበት በር ነው? እናት የልጅዋን ፍላጎት ታውቃለች፤ አታላይም ሊያታልለው ያሰበውን ሰው ፍላጎት ያውቃል። ሁለቱም ተመልክተው፣ አጥንተው፣ ታግሠው ያገኙት ዕውቀት ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከወዴት ላይ ነው? ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይኸን ጥያቄ እንደ ዋዛ አትየው፤ ዛሬ ካንተ ዘንድ መንጠቆ የሚጥለው ሰው ከቀድሞው ዘመን እጅግ በዝቷልና።

በመጀመሪያ ግን የሥራውን ጠባይ ልናገር። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር፣ በዝዋይ ወይም በሐዋሳ፣ ልጆች ክርና መንጠቆ ይዘው ሲያጠምዱ ማየት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በጠባዩ አዳኝ አይደለም፤ ዋና ምግቡ በውሃው ውስጥ የሚበቅለው ረቂቅ አረንጓዴ ነገር ነው። አፉም ትንሽ ነው። ስለዚህ ትልቅ መንጠቆና ትልቅ ሥጋ ይዞ ቆሮሶ ሊያጠምድ የሚመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያይ ይውላል። ልጆቹ ይኸን ስለሚያውቁ በትንሽ መንጠቆ ላይ ትንሽ ሊጥ ጠቅልለው ወይም የመሬት ትል ሰክተው ይጥላሉ። ሊጡ ከቀጠነ በውሃው ሟሙቶ ይቀራል፤ ከደረቀም ዓሣው ቀምሶ ይተፋዋል። መንጠቆውም ከሊጡ ውጭ ጫፉን ካሳየ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አምባዛ ደግሞ ሌላ ነው። ዓይኖቹ ትናንሾች ናቸው፤ በአፉ ዙሪያ ግን 8 ጢሞች አሉት፤ በእነርሱ እየዳሰሰና ሽታ እየተከተለ በጨለማ ምግቡን ይፈልጋል። ስለዚህ ለአምባዛ የሚያምር ነገር ማሳየት ዋጋ የለውም። ጉበት፣ አንጀት፣ የዓሣ ቁራጭ፣ ባጠቃላይ የሚሸትና ደም ያለበት ነገር ያስፈልጋል። አጥማጆቹም በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆዎችን አንጠልጥለው ማታ ጥለውት ያድራሉ፤ ጧት መጥተው የተያዘውን ይሰበስባሉ። ለቆሮሶ ቀንና ትዕግሥት፣ ለአምባዛ ሌሊትና ሽታ እንደ ማለት ነው። ከዚህም በላይ አንዱ ዓሣ ራሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ውሃው ጥሩ ሲሆን በዓይን የሚታየው ማባበያ ይሻላል፤ ዝናብ ዘንቦ ውሃው ሲደፈርስ ግን ዓይን ስለማይሠራ በሽታ የሚጠራው ይሻላል። (በአገር ላይ ነገር ሲደፈርስ ሰው ማየት ትቶ በወሬ ሽታ እንደሚመራ ሳስብ ይኸ ከዓሣው ጠባይ ብዙም አይርቅብኝም።)

ከውጭ አገር መጥቶ በባሌ ደጋ ቀዝቃዛ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የተባለው ዓሣ ደግሞ የሚጠመድበት ዘዴ እጅግ የተራቀቀ ነው። ትራውት በውሃው ላይ የሚያርፉትን ትንንሽ በራሪ ነፍሳት ይወዳል። ነገር ግን እውነተኛውን ዝንብ በመንጠቆ ለመሰካት ቢሞክሩ ይፈርሳል። ስለዚህ አጥማጆቹ ከላባና ከክር የተሠራ የውሸት ዝንብ በመንጠቆው ላይ ያስራሉ። ይኸ ዘዴ የአሁን ዘመን ፈጠራ አይደለም። ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የሮማው ጸሐፊ አይሊያኖስ ስለ እንስሳት ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠቅልለው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ ይይዙ እንደ ነበረ ተርኳል። ሰው ለዓሣ የሚሆን ውሸት በላባ መሥራት ከተማረ እንግዲህ ረጅም ዘመን ሆኖታል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። ትል የሚሰካው አጥማጅና ላባ የሚያስረው አጥማጅ፣ ከሁለቱ ይበልጥ የሚዋሸው ማን ነው? ብዙ ሰው ባለ ላባው ነው ይላል፤ ትል እውነተኛ ምግብ ሲሆን ላባ ግን ምግብ አይደለምና። እኔ በዚህ አልስማማም። ላባው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐሰት ስለ ሆነ ጠንቃቃ ዓሣ ቀርቦ ቢመረምረው ሊያውቀው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ትራውት እስከ ላባው ድረስ መጥቶ አይቶት ይመለሳል። ትሉን ግን ቢመለከተው ትል ነው፤ ቢያሸተው ትል ነው፤ ቢቀምሰውም ትል ነው። ሐሰቱ በትሉ ውስጥ የለም። ሐሰቱ ትሉ ስለ ምን በዚያ ስፍራ እንደ ተገኘ በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ የተናገረው ቃል ሁሉ እውነት የሆነ ሰው ሊያታልል አይችልም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲያውም ሙሉ በሙሉ ከእውነት የተሠራው ማባበያ ከሁሉ የሚከፋው ይመስለኛል፤ መርምሮ የሚያድን ምርመራ የለውምና።

ደግሞ ማባበያ የሌለው ማጥመድ አለ። በአገራችን ብርብራ የሚባል ዛፍ አለ፤ ቡና አብቃዮች ለጥላ ይወዱታል። የዚህን ዛፍ ፍሬ ወቅጠው በወንዝ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣው ይደነዝዛል፤ ተገልብጦም በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ ዓሣው በውሃ ውስጥ ያለውን አየር በሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። በዚህ ዘዴ የዓሣውን ጠባይ ማወቅ አያስፈልግም፤ መታገሥም አያስፈልግም። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም አብሮ ያልቃል። ከብርብራ ጋር ሲመዛዘን መንጠቆ ጨዋ ነገር ነው። መንጠቆ ቢያንስ ዓሣውን ይጠይቀዋል፤ ዓሣውም እምቢ ለማለት ይችላል። ሆኖም የአታላይ ሁሉ መከራከሪያ የሚወጣው ከዚሁ ነው። «ማን አስገደደው? ራሱ አይደለም ወይ የዋጠው?» ይላል። ወደዚህ መከራከሪያ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዴል ካርኔጊ የተባለው አሜሪካዊ በ1936 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው በዓለም በታወቀው መጽሐፉ ይኸን የማባበያ ነገር በምሳሌነት አንሥቶታል። እርሱ ራሱ እንጆሪ በክሬም ይወዳል፤ ዓሣ ግን ትል ስለሚወድ ለዓሣው ትል ያቀርብለታል። ታዲያ ሰውንም ስታጠምዱ እንዲሁ ስለ ምን አታደርጉም? የእናንተን ትታችሁ እርሱ የሚፈልገውን ንገሩት፤ እንዴት እንደሚያገኘውም አሳዩት ይላል። ብዙ ወጣቶች ይኸን መጽሐፍ አንብበው እንደ ተጠቀሙበት ዐውቃለሁ፤ በምክሩም ውስጥ ብዙ መልካም ነገር አለ። ስለ ራሱ ብቻ የሚያወራ ሰው ስለ ሌላው እንዲያስብ ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ምሳሌውን ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድልብኛል። ስለ ትሉ ብዙ ተነገረ፤ ስለ መንጠቆው ግን ምንም አልተነገረም። ትል ብቻ ወደ ውሃ የሚጥል ሰው አጥማጅ አይባልም፤ ዓሣ መጋቢ ነው። አጥማጅ የሚያሰኘው በትሉ ውስጥ ያለው ብረት ነው። እንግዲህ ሰውን እንደ ዓሣ ስለ ማጥመድ የሚያስተምረን ሁሉ ብረቱ ምን እንደ ሆነ አብሮ ይንገረን።

«በወንጌልስ ሰውን ስለ ማጥመድ ተነግሮ የለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ተነግሯል። ነገር ግን ጴጥሮስና እንድርያስ በተጠሩ ጊዜ በእጃቸው የነበረው መረብ ነበር። መረብ ማባበያ የለውም፤ ለማንም ምንም ተስፋ አይሰጥም። በአራቱ ወንጌላት መንጠቆ የተጠቀሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ጴጥሮስ ለግብር የሚሆነውን ገንዘብ ከዓሣ አፍ ያወጣበት ነው። በዚያም ቢሆን በመንጠቆው ላይ ምን እንደ ተሰካ አልተጻፈም።

ማባበያን ከእግዚአብሔር ሥራ ጋር ያገናኙት ኋላ የመጡት አባቶች ናቸው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በጻፈው ታላቅ የትምህርት መጽሐፍ፣ መለኮት በሥጋ መሰወሩን መንጠቆ በምግብ ከመሰወሩ ጋር አመሳስሎታል፤ ጠላት ሥጋውን አይቶ ሲውጥ በመለኮት ተያዘ ማለቱ ነው። ነገር ግን ጎርጎርዮስ ብልህ ሰው ስለ ነበረ በዚህ አላቆመም። ይኸ ማታለል አይደለም ወይ? ለእግዚአብሔርስ ይገባዋል ወይ? ብሎ ራሱ ጠየቀ። መልሱም ይኸ ነው፦ ሁለት ሰዎች በምግብ ውስጥ መድኃኒት ሰውረው ቢጨምሩ፣ አንዱ ለመግደል ሌላው ለማዳን ቢሆን፣ የሚመዘነው የሁለቱ አሳብ ነው እንጂ መሰወሩ አይደለም። በዚያው ዘመን የነበረው ሌላው ጎርጎርዮስ፣ ዘእንዝናዙ፣ ቤዛው ለክፉው ተከፈለ የሚለውን አሳብ አጥብቆ ተቃውሟል። እነዚህ ወዳጆች ነበሩ፤ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ተለያይተው መገኘታቸው ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ያሳየኛል።

የጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መልስ ስለ እግዚአብሔር ሲነገር ይበቃ ይሆናል፤ የእግዚአብሔር አሳብ መልካም መሆኑ አያጠራጥርምና። በሰው መካከል ግን አይበቃም። ምክንያቱም አሳቡ ክፉ እንደ ሆነ የሚያምን ሰው እኔ አላየሁም። ኮሶ መራራ ነውና ልጁ እንዲጠጣ ማር አልሶ የሚያባብለው አባት አሳቤ መልካም ነው ይላል። ያልተማረውን ገበሬ አባብሎ ወረቀት ላይ ጣቱን ያስነካውም ሰው አሳቤ መልካም ነው፣ መሬቱ ለእርሱ ምን ያደርግለታል ይላል። ስለዚህ አጥማጁን ስለ አሳቡ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሌላ መለያ ያስፈልገናል።

አንድ ጊዜ በሐዋሳ አሞራ ገደል ከሚባለው ስፍራ ቆሜ ጀልባዎች ሲገቡ ስመለከት ቆየሁ። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ለመልቀም እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ይመላለሳሉ። ዓሣውን የሚገፉት ወጣቶች እጃቸው እጅግ ፈጣን ነው። ሌሊቱን ሁሉ አምባዛ ምን እንደሚወድ ሲያስቡ ያደሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ አሁን ግን በፊታቸው የተጋደመው አምባዛ ምን እንደሚወድ የሚያስብ አንድም ሰው የለም። እንዲያስቡም አይጠበቅባቸውም፤ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩበት የተከበረ ሥራ ነው፤ ዓሣም ከሰው ዘንድ የእውነት ዕዳ የለውም። እኔ ግን የምፈልገውን መለያ ያገኘሁት ከዚያ ላይ ነው። ለማባበያ የተደረገ ዕውቀት ዓሣው ጀልባ ላይ በወጣበት ደቂቃ ያልቃል። ከተያዘ በኋላ ትል የሚሰጠው የለም።

ይኸን መለያ ይዘን የሰውን ነገር ብንመለከት ብዙ ነገር ይገለጥልናል። አንድ ጎልማሳ አንዲት ልጅ የምትወደውን ያጠናል፤ ዘፈኑን፣ አበባውን፣ የእናትዋን ስም ቀን ሳይቀር ያውቃል። ከሠርጉ በኋላም ይኸን ማወቁን ከቀጠለ ስጦታ ነበረ። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ የረሳው እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ በመንጠቆ ላይ የተሰካ ነበረ ማለት ነው፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ ይኸን አያውቀውም። ሠራተኛ ሲቀጥር ስለ ሠራተኛው ቤት ኪራይና ስለ ልጆቹ ትምህርት የሚጠይቅ ጌታ፣ ወር ካለፈ በኋላም ይጠይቅ እንደ ሆነ እንይ። ድምፅ ለማግኘት ወደ መንደር የሚመጣው ሰው ውሃ እንደሌለን ዐውቆ መጥቷል፤ ከተመረጠ በኋላስ ውሃ እንደሌለን ያውቃልን? ኮሶ ያጠጣው አባት ግን ልጁ ከዳነ በኋላም ሌሊት ተነሥቶ ግንባሩን ይዳስሳል። ማር ማላሱ ከዚህ የተነሣ ማባበያ ብቻ አይደለም።

በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ስለሚያደርገው ማጥመድም አንድ ቃል ልናገር። ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ ይኸን ቁጥር ይላኩ የሚለው መልእክት እንደ ላባው ነው፤ ጠንቃቃ ሰው አይቶት ያልፋል። ከእርሱ የሚረቀው በየቀኑ የምንመለከተውን ሥዕልና ወሬ መርጦ የሚያቀርብልን ዘዴ ነው። የቱ ላይ ዓይናችን እንደ ቆየ ይቈጥራል፤ ነገ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ይጨምርልናል። ቁጣ ለሚወድ ቁጣ፣ ሳቅ ለሚወድ ሳቅ። ለእያንዳንዱ ዓሣ የብቻውን ማባበያ የሚሰካ እንዲህ ያለ አጥማጅ ከዚህ ቀደም አልነበረም። የሚያዘውም ገንዘባችን ሳይሆን ጊዜያችን ስለ ሆነ መንጠቆው አያደማም።

የሚያደማውን ልናገር። ወደ ሰው አገር እንልካለን የሚሉ ደላሎች በየከተማውና በየገጠሩ አሉ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ፣ ወይም በጅቡቲ ከኦቦክ ዳርቻ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚወስደውን መንገድ የሚያወሩለት እነርሱ ናቸው። ማባበያ በመምረጥ ረገድ ከእነዚህ ሰዎች የሚበልጥ የለም። አባቱ ብድር ያለበትን ልጅ ስለ ብድሩ ያወሩታል፤ ትምህርቱ ያልሆነለትን ልጅ በዚያ አገር ማንም የፈተና ውጤት አይጠይቅም ይሉታል፤ ለልጃገረድዋ ደግሞ የጎረቤትዋ ልጅ በላከችው ገንዘብ የተሠራውን ባለ ቆርቆሮ ቤት በጣት ያሳዩዋታል። ልብ በሉ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድም ነገር ላይኖር ይችላል። ብድሩ እውነት ነው፤ ቤቱም እውነት ነው፤ ደመወዙም እውነት ሊሆን ይችላል። ትሉ እውነተኛ ትል ነው። ያልተነገረው በሊቢያ በረሃ ሰውን ዘግተው፣ እየደበደቡ፣ ጩኸቱን በስልክ ለእናቱ እያሰሙ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚያስከፍሉ መኖራቸው ነው። ያልተነገረው በባሕር ላይ ስለሚሰጥሙት ጀልባዎች ነው።

አጥማጆች ሌላም ዘዴ አላቸው። ትንሽ ዓሣ ከነሕይወቱ በመንጠቆ ሰክተው ወደ ውሃ ይለቁታል፤ እርሱም በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ትልቁ ዓሣ አይቶ ይመጣል። ደላላውም በሕይወት ያለ ማባበያ አለው። እርሱም ደኅና ደርሶ፣ ሠርቶ፣ በበዓል ቀን የወርቅ ሐብል አድርጎ የተመለሰው የሰፈር ልጅ ነው። ይኸ ልጅ ማንንም አላታለለም፤ ምናልባት ያየውን መከራ እናቱ እንዳታዝን ብሎ ደብቆ ይሆናል። ነገር ግን በአደባባይ በተራመደ ቁጥር ከኋላው ያለውን ክር እርሱም አያየውም፤ የሚከተሉትም አያዩትም።

አሁን ወደዚያ መከራከሪያ ልመለስ። ደላላው ሲያዝ የሚለው ይታወቃል፤ «ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ ለምኖኝ ነው የሄደው» ይላል። በ2000 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀው፣ የፓሌርሞ ስምምነት በመባል የሚታወቀው ሰነድ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ ሰው ተታልሎ ለመበዝበዝ የተወሰደ እንደ ሆነ የእርሱ ፈቃድ ለአታላዩ መከላከያ አይሆንም ይላል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ ወንጀልነት ይቀጣል። እኔ የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም፤ ነገር ግን ነገሩ በኅሊናም ትክክል ይመስለኛል። ዓሣው ትሉን ወደደ እንጂ መንጠቆውን አልወደደም። ፈቃዱ ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የተያዘው በሌላ ነገር ነው። መንጠቆውን አይቶ፣ ዐውቆ፣ ልዋጠው ያለ ሰው ቢኖር ያን ጊዜ ፈቀደ እንላለን።

ብዙ ሰው ግን ተታልሎ የተጎዳውን «ስግብግብ ስለ ሆነ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። ይኸ ፍርድ አይጥመኝም። ርኅብ ኃጢአት አይደለም። ለአባቱ ዕዳ የሚያስብ ልጅ በዚያው አሳቡ ቢጠመድ የተጠመደው በስግብግብነቱ ሳይሆን በደግነቱ ነው። ጎበዝ አጥማጅ እንዲያውም መልካሙን ፍላጎት ይመርጣል፤ መልካሙ ፍላጎት ይበልጥ ይስባልና። ክፉ ምኞት ሲመጣ ሰው ትንሽ ያፍራል፣ ትንሽ ይጠነቀቃል፤ ለእናቴ ነው፣ ለአገሬ ነው፣ ለእምነቴ ነው ሲል ግን ጥንቃቄውን ሁሉ ይጥለዋል።

ስለ ቆሮሶ የሚነገር አንድ እውነተኛ ነገር አለ። እናቲቱ እንቁላሎችዋን የምታሳድገው በአፏ ይዛ ነው፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ትንንሾቹ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ፣ ከሳምንት ለሚበልጡ ቀናት፣ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። በሐዋሳ ያነጋገርኳቸው አንድ ሽማግሌ አጥማጅ በዚያ ወራት ያለችው እንስት በመንጠቆ እንደማትያዝ፣ የምትያዘው በመረብ ብቻ እንደ ሆነ አጫውተውኛል። እኔ ይኸን ሰምቼ ስለ ሰው አሰብሁ፤ ነገር ግን ምሳሌው ሙሉ በሙሉ እንደማይሠራ ወዲያው ታየኝ። ሰው አፉን የሞላለትን ነገር ራሱን ነው በመንጠቆ የሚሰኩለት፤ በልጆቹ ስም ያጠምዱታል። ዓሣዋ ከእኛ ይልቅ ዕድለኛ ናት።

እንግዲህ ከአጥማጁ ይልቅ ራሳችንን ማጥናት ሊያስፈልገን ነው። አጥማጁ እኔን የሚይዘኝ ምን እንደ ሆነ ካወቀ እኔም ማወቅ አለብኝ። ለአንዱ ገንዘብ ነው፤ ለአንዱ ሹመት ነው፤ ለሌላው ሐዘኔታ ነው፣ ያለቀሰበትን ሰው እምቢ ማለት አይችልም። እኔ ገንዘብ ብዙም አይስበኝም፤ «ይኸን ነገር ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ግን ጆሮዬ እንደሚቆም ዐውቃለሁ፤ ስለዚህ እንዲህ ብሎ የጀመረኝን ሰው ፊርማ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ወረቀቱን ትቶልኝ እንዲሄድ እነግረዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የቅርብ ዘመዴ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ሊያማክረኝ መጣ። ደላላ አግኝቶ ነበር። «ጋሼ፣ ሰውዬው የነገረኝ ሁሉ እውነት ነው፤ አጣርቻለሁ» አለኝ። እውነት መሆኑን እንደማልጠራጠር ነገርኩት። ከዚያ ሦስት ነገር እንዲጠይቀው ላክሁት። በመንገድ ላይ ብያዝ የሚከፍለው ማን ነው? መታወቂያዬንና ፓስፖርቴን የሚይዘው ማን ነው? ሳልደርስ ብቀር አንተ የምታጣው ነገር ምንድን ነው? ልጁ ሄዶ ጠየቀ። ደላላው ሁለቱን በሣቅ አለፋቸው፤ ሦስተኛውን ሲሰማ ግን ተቆጣ፤ ከዚያም ትንሽ ቆይቶ ዋጋውን ቀነሰለት።

ልጁ እስከ ዛሬ አልሄደም። ጠዋት ጠዋት ጋራዥ ይሠራል፤ ማታ ይማራል፤ የሚያገኘው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ነገር ላቀርብለት አልቻልሁም። ደላላውም አልተወውም። መጀመሪያ ያወራለት ስለ ደመወዝ ነበር። ቀጥሎ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤት ሠርቶ ስለ ጨረሰ ልጅ አወራለት። ባለፈው ወር ሲደውልለት ግን ስለ ገንዘብ አንድ ቃል ሳያነሣ የእናቱን የኩላሊት ሕመም እንዴት ነው ብሎ ጠየቀው። ልጁ ስለዚህ ሕመም ለደላላው ነግሮት አያውቅም።